ግልጽ ደብዳቤ፦ የሕግና የአካውንቲንግ ተማሪዎቻችሁን አንድ ጠዋት ደቻቱ ወንዝ አውርዷቸው

ይድረስ፦ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለምትገኙ የፍሬሽማን ኮርስ አስተባባሪዎችና የጂኦግራፊ መምህራን

ጉዳዩ፦ ሳይንስ ለማያጠኑ ተማሪዎች የሚሰጠውን የመሬት ሳይንስ ይመለከታል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብዳቤው ለብዙ ሰው መሆኑ ጠቅሞኛል፤ «እናንተ» ብዬ ተገላገልኩ። የድሬ ልጅ «አንቱ» ሲል ምላሱ ይተሳሰራል።

እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም። መምህርም አይደለሁም። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል እሠራለሁ። ሰው ቤቱን አስይዞ ብድር ሲጠይቅ ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ካርታ አለ? አለ። የግብር ደረሰኝ? አለ። መሐንዲሱ ገምቷል? ገምቷል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። ሁሉም ተጽፏል። ቤቱ ከወንዙ ዳር ስንት ሜትር እንደሚርቅ የሚጠይቅ መስመር ግን ፎርሙ ላይ የለም። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው ሰነፍ አይደለም። አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ተምሮ በጥሩ ውጤት የተመረቀ ሰው ነው። ስለ መሬት አንድ ኮርስ ወስዷል፣ ተፈትኗል፣ አልፏል፣ ረስቶታል።

ጥያቄዬ ከዚህ የመጣ ነው። ለሕግ፣ ለኢኮኖሚክስ፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪ የመሬት ሳይንስ ስታስተምሩ፣ ይሄ ልጅ ጂኦሎጂስት እንደማይሆን አውቃችሁ አስተምሩት። ነገ የቦታ ፈቃድ የሚፈርመው፣ ብድር የሚያጸድቀው፣ የወሰን ክርክር የሚዳኘው፣ የጎርፍ ዜና የሚያነበው እሱ ነው። ጂኦሎጂስቱማ አንዴ ሪፖርቱን ጽፎ ሄዷል። ሪፖርቱን አንብቦ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ» የሚባለውን ኮርስ በመጀመሪያ ዓመት ይወስዳል። ሞጁሉን አይቼዋለሁ። መጥፎ አይደለም። የአህጉራት መንቀሳቀስ አለበት፣ የስምጥ ሸለቆው አፈጣጠር አለበት፣ ስለ ውሃና ስለ አፈርም ይናገራል። ችግሩ ተማሪው ጋ ሲደርስ ነው።

የእህቴ ልጅ ለሚድ ስታጠና ቤቴ ነበረች። የት እንደምትማር ይቅር። «ፕሪካምብሪያን፣ ፓሊዮዞይክ፣ ሜሶዞይክ፣ ሴኖዞይክ» እያለች የመሬትን ዘመናት ስም እየደረደረች ሳሎን ውስጥ ትንቆራጠጣለች። ሜሶዞይክ ላይ ምን ሆነ አልኳት። «ባሕር መጣ፣ ባሕር ሄደ» አለችኝ። በየት በኩል መጣ? «በደቡብ ምሥራቅ።» ደቡብ ምሥራቅ ከዚህ ቤት በየት በኩል ነው? ዝም። ሞጁሉን ገለጠች። አቦ፣ መስኮቱ እዚያው አጠገቧ ነበር!

ተነስቼ ማንቆርቆሪያውን አመጣሁ። ድሬ የኖረ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። ነጭ፣ ሻካራ ቅርፊት። በማንኪያ ጫፍ ፈቅፍቄ ሳህን ላይ አኖርኩላትና ግማሽ ሎሚ ጨመቅኩበት። ቅርፊቱ ጥቃቅን አረፋ እያወጣ መፍላት ጀመረ። «ይሄ ነው ባሕርሽ» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በዳይኖሰሮቹ ዘመን፣ ባሕር ከኦጋዴን በኩል ወደ መሐል አገር ገብቶ ነበር። እኛ ያለንበት ምሥራቁ ክፍል ባሕሩ ቀድሞ የደረሰበት፣ ዘግይቶም የለቀቀው ነው። ሲገባ ከባሕሩ ዳር አሸዋ ተከመረ። ከዚያ ጠለቅ ባለው ውሃ ውስጥ ዛጎልና ኖራማ ጭቃ እየረጋ፣ እየከበደ፣ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ ሲመለስ በላዩ እንደገና አሸዋ አለበሰው። የዛሬው ዝናብ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ያ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ድንጋዩን ያሟሟል። ለድሬ ውሃ ከሚሰጡት የሳቢያን ጉድጓዶች ሲሳብ ኖራውን ይዞ ይመጣል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሲፈላ ጋዙ ይወጣና ኖራው ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ቧንቧችንን የሚደፍነውም ይኸው ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ገና በጣሊያን ጊዜ የተተከለው ያው ድንጋይ ደጃፉ ስላለ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የተቦረቦረው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። የድንጋይ ዘመን ሰዎች ኖረውበታል፤ ለቀለም የሚሆን ቀይና ቢጫ አፈር በሺህ የሚቆጠር ቁራጭ ትተውበት ሄደዋል።

ልጅቷ ሜሶዞይክን ከዚያ በኋላ አልሸመደደችም። ሎሚውን ግን ጨረሰችብኝ። ቤት ውስጥ ያገኘችው ጠጠር ላይ ሁሉ ስትጨምቅ አመሸች። ሎሚ ካጣችሁ አቼቶም ይሠራል።

አሁን ወደ ደቻቱ።

ደቻቱን ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም፤ ከጎንደርና ከወለጋ ለሚመጡት ተማሪዎቻችሁ ግን ያስፈልጋል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር አቋርጦ ይሄዳል። ዳር ዳሩን ገበያ ነው። ለግንባታ አሸዋ የሚጭንም አለ። «ይሄ ወንዝ ነው» ብትሉት እንግዳው ተማሪ ይስቃል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ያ አሸዋ ሞልቶ ከተማ ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። የዘንድሮ ፍሬሽማን ያኔ ወይ አልተወለደም ወይ ጡት ላይ ነበር። ለእሱ ይሄ ታሪክ ነው። ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ግን እዚሁ ነው።

ሰው ሲያወራ «ዝናብ ሳይኖር ጎርፍ መጣ» ይላል። ዝናብማ አለ፤ ያለው ግን ተራራው ላይ ነው። ከከተማው በስተደቡብ፣ በደንገጎ በኩል፣ ተራራው ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከተማው ያለው 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ቁልቁለት ውሃው በአጭር መንገድ ይወርደዋል። የተራራው አፈር ስስ ነው፣ ዛፉ ተመንጥሯል። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ውሃው ለመስረግ ጊዜ የለውም። ከየሸለቆው ተሰብስቦ እዚች ጠባብ መተላለፊያ ላይ ይገናኛል። ከዋክብት እየታዩ እግራችሁ ሥር ውሃ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

ይሄን በስላይድ ማሳየት ይቻላል። ግን ተማሪውን አሸዋው መሐል አቁሙትና ድንጋይ ልቀሙ በሉት። ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ሎሚ ጠብ ያድርግበት። ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ያገኛል፤ ሲያሹት ደቃቅ አሸዋ እጅ ላይ ይቀራል። የሚያብለጨልጭ፣ ጠንካራ፣ ከሁሉም ዕድሜው የበለጠ ድንጋይ ያገኛል። አንዳቸውም እዚያ አልተፈጠሩም። ከተራራው የወረዱ ናቸው። የወንዙን ተፋሰስ ሳይወጣ ከእጁ መዳፍ ላይ አነበበው ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሰው ገፍቶ የማያነቃንቀውን ትልቁን ድንጋይ አሳዩት። ጠርዙ ለምን ተድበለበለ? ማን ተሸክሞ አመጣው? ይሄን ጥያቄ አንዴ የጠየቀ ልጅ የወንዝ ዳር ቦታ በርካሽ ሲሸጥለት ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ያውቃል።

ቁጥርም ስጡት፤ የአካውንቲንግ ልጅ ቁጥር ይወዳል። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅማ አትጠይቁኝ።

አንድ ሌላ ቁጥር አለ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። መሐንዲሶች «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ይላሉ። ሰው ይሄን ሲሰማ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ፣ አሁን ከመጣ ልጅ ልጆቻችን የሚያዩት ይመስለዋል። አይደለም። በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደግም ይችላል። አሁን ብድሩን አስቡት። ቤቱ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው እንበል። ብድሩ በ20 ዓመት የሚከፈል ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ጎርፉ ቤቱን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 18 ነው። ከአምስት ቤት አንዱ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ስሌቱ ካልኩሌተር ላይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ 0.99ን 20 ጊዜ በራሱ አባዝቶ ውጤቱን ከ1 መቀነስ ነው። የፋይናንስ ተማሪ ከዚህ የባሰ ወለድ ያሰላል። ግን ማንም ጎርፍን እንደዚህ አስልቶ አላሳየውም። ለእኔም አላሳየኝም።

ከ1998ቱ በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል። ደግ ሥራ ነው። ግንብ ግን ለተወሰነ ውሃ ተለክቶ ነው የሚሠራው። ከዚያ በላይ ለሚመጣው አልተዋዋለም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም ድሬ ላይ ጎርፍ መጥቶ እንደገና ሰው ሞቷል። ግንቡን ተማምኖ ሥሩ ቤት የሚሠራ ሰው አደጋውን ራሱ እየጨመረ ነው። ይሄ ሳይንስ ነው ወይስ አስተዳደር? ሁለቱም ነው፤ ለዚህ ነው የማኔጅመንት ተማሪ የሚያስፈልገው።

ስለ ሐረማያ ሐይቅም ሁለት ቃል። ሐይቅና የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ባንክ ሂሳብ ናቸው፤ ገቢ አላቸው፣ ወጪ አላቸው፣ ከገቢው በላይ ያለማቋረጥ ካወጣህ ቀሪው ዜሮ ይሆናል። ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ለከተማ መጠጥ ተሳበ፣ ለጫትና ለአትክልት መስኖ ተሳበ፣ ከኮረብታው የታጠበው ደለልም ሞላው። ከዚያ ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ አጠገብ ካሉት የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ አስገፍታ ማምጣት ነበረባት። ያ ሁሉ ዳገት በፓምፕ! የመብራት ሂሳቡን አስቡት። ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ላይ ውሃ ተመልሶ ታይቷል፤ ሰው ተደሰተ፣ ጀልባም ወጣ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሐይቁ ዳር ቆሞ ይሄን ሂሳብ በወረቀት ይሥራው፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ከፈለ። ድሬም ብትሆን የምትጠጣው ከመሬት ሥር ነው። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ቶሎ ስለሚሄድ በአፈር ውስጥ እንደሚያልፈው አይጣራም። የሽንት ቤት ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጤና ባለሙያው ብቻ አይደለም።

የመሬት መንቀጥቀጡን አጠር አደርገዋለሁ። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ወጣ። አዲስ አበባ ፎቅ ተወዛወዘ። ያኔ ቴሌግራም ላይ የተነበበው ነገር! «ነገ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት የተማረ ሰው ሲያስተላልፍ አይቻለሁ፤ ዲግሪ ያለው። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ለይቶ የሚተነብይ ሳይንስ እስካሁን የለም። ይሄ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈተና ላይ ቢወጣ ምን ነበረበት? ሌላም ጨምሩ፦ መለኪያው አንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ጉልበት 32 ጊዜ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ 5 እና 6 ጎረቤታሞች አይደሉም። ልቅ በሆነ ደለል ላይ የቆመ ቤት ደግሞ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ከቆመው የበለጠ ይናወጣል። የድሬ መሐል ከተማ የት ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ።

እኛ የምንኖረው ደግሞ ተራ ቦታ አይደለም። አፋር ላይ የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳዎች ይለያያሉ። በ1998 ዓ.ም መግቢያ፣ መስከረም አካባቢ፣ እዚያው አፋር ውስጥ በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንት ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ድሬዳዋ ያለችው ከዚያ ዝቅተኛ ምድር ጠርዝ፣ ከገደሉ ግርጌ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ የቆመውና ከተማው የተወለደው ሐረር ድረስ ያለውን ዳገት መውጣት ስለከበደ ነው። ዳገቱን የሠራው የመሬቱ መሰንጠቅ ነው። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ ጠዋት ስጡት። ግማሽ ቀን። መጀመሪያ ደቻቱ፤ ድንጋይ መልቀም፣ ግንቡን መለካት፣ የጎርፉን ወሬ ከዳር ነዋሪ መስማት። እናቶቹ ይነግሯችኋል፤ ውሃው በር ላይ እስከየት እንደደረሰ በእጃቸው ያሳያሉ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ደንገጎ። መንገዱ ሲቆረጥ የተገለጠው ድንጋይ በንብርብር ይታያል። ዳገቱ አንድ ግድግዳ እንዳልሆነ፣ መሬቱ እየተሰበረ ወደ አፋር በደረጃ እንደወረደ ከላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ታች ከተማው አጠገብም አለ። ጊዜና ነዳጅ ካለ እስከ ሐረማያ፤ በጣም ካማራችሁ ባቢሌ አልፋችሁ ዳካታ ድረስ፤ ከመሬት ሥር በጥልቀት የረጋ ግራናይት ከላዩ ያለው ታጥቦ ወጥቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ ይታያል። ዳካታ ግን ተጨማሪ ነው። ደቻቱ ግዴታ ይሁን።

የምትሉትን አውቃለሁ። ክፍሉ 60 ተማሪ ነው፣ ነዳጅ የለም፣ ኮርሱ አልቆ ፈተና ደርሷል። እሺ። ደቻቱ ከከተማው መሐል ነው፤ ድሬ ላላችሁ ነዳጅ አይፈልግም። 60 ተማሪ አሸዋ ላይ ይበቃል። ጊዜ ካጠረ ከሞጁሉ የምትቀንሱትን ልጠቁም፦ የዘመናቱን ስም በቅደም ተከተል ማስደርደርን ተዉት። ስሙን ጉግል ያውቀዋል። ከፋይናሉ 10 ነጥብ ለአንድ ገጽ ጽሑፍ ይሁን፤ «የተከራየሁበት ቤት የቆመው ምን ላይ ነው? ውሃው ከየት ይመጣል? ጎርፍ ቢመጣ በየት በኩል ይደርስበታል?» ይሄን ኮርጆ መጻፍ ያስቸግራል፤ ቤቱ የእያንዳንዱ ነው።

ከባንካችን ሦስት የብድር ክፍል ልጆች በራሳችን ፈቃድ መጥተን ስሌቱን በእውነተኛ የብድር ምሳሌ ልናሳይ ተስማምተናል። የባለጉዳይ ስም አናወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ይመቸናል። ከቀትር በኋላ አትጥሩን፤ ሙቀቱም አለ፣ በርጫም አለ፣ የድሬን ነገር ታውቁታላችሁ።

ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን። በክረምትና በበልግ ዝናብ ወቅት ተማሪ አሸዋው ውስጥ አታስገቡ። በሌላም ጊዜ ቢሆን ከመውረዳችሁ በፊት አንድ ሰው ደንገጎ ደውሎ ዝናብ እንዳለ ይጠይቅ። ተራራው ላይ ደመና ካለ ትምህርቱን ከግንቡ ላይ ሆናችሁ ስጡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ፣ የብድር ክፍል ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ፣ ለሕግ፣ ለኢኮኖሚክስና ለጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች